«ሀበሻ ከሀበሻ ቤት አይገዛም» እና አዲስ ኤጀንት የሚነገሩት ሌሎች ወሬዎች

በዲኤምቪ፣ ማለትም በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ፣ አንድ ሀበሻ የሪል እስቴት ላይሰንስ (ኤጀንት ሆኖ ቤት የማሻሻጥ ፈቃድ) አወጣሁ ካለ ማግስት ጀምሮ ምክር ይዘንብበታል። ከቤተ ክርስቲያን፣ ከማኅበር፣ ከአጎት፣ ከድሮ የሥራ ባልደረባ። ከመካሪዎቹ አብዛኞቹ አንድ ቤት ሸጠው አያውቁም። እኔ ዓመታት ሰምቼ ለምጄዋለሁ። አሁን ግን አዳዲስ ልጆች እየደወሉ ያንኑ ቃል በቃል ሲደግሙልኝ ሰለቸኝ።

«ደላላ ሆንክ እንዴ?»

አዎ፣ ገዢና ሻጭ ማገናኘት ሥራው ውስጥ አለ። ግን በሦስቱም ቦታ 60 ሰዓት ተምሮ፣ ፈተና አልፎ፣ በብሮከር (ኤጀንቶችን በሚቆጣጠር ባለፈቃድ) ስር ተመዝግቦ ነው የሚሠራው። ካጭበረበረ ላይሰንሱን ይነጠቃል። ስድብ መስሏቸው ከሆነ ይበሉ፣ እናንተ ሥራችሁን ሥሩ።

«እንግሊዝኛህ አይበቃም።»

ውሉን አንብቦ መረዳት ግድ ነው። አክሰንት ግን ማንም አይፈትናችሁም። እንዲያውም ኤስክሮው (የቤቱ ገንዘብ በሦስተኛ ወገን እጅ የሚቆይበት አካውንት) ምን እንደሆነ ለአንዲት እናት በአማርኛ አፍታቶ ማስረዳት የሚችል ሰው ስንት አለ?

«ወለዱ ይውረድ፣ ያኔ ትገባለህ።»

እ.ኤ.አ. በ2021 የሞርጌጅ (የቤት ብድር) ወለዱ 3 በመቶ አካባቢ ነበር። ያኔ እነዚሁ ሰዎች «ቤት የለም፣ ለአንድ ቤት ስንቱ ይጫረታል» ይሉ ነበር። በ2023 ኦክቶበር ወደ 8 በመቶ ተጠጋ። ሰው ግን መውለዱን፣ መፋታቱን፣ ሥራ መቀየሩን አላቆመም። ቤት የሚያስገዛውም የሚያሸጠውም ይሄ ነው።

«ሀበሻ ከሀበሻ አይሠራም፤ ገንዘቡን እንድታውቅበት አይፈልግም።»

የሚያንገበግበኝ ይሄኛው ነው። ግማሽ እውነት ስላለበት አዲሱ ልጅ ቶሎ ያምነዋል። ከዚያ ገና ሥራ ሳይጀምር የሚያውቁትን ሰዎች ሁሉ ትቶ፣ የማያውቁት ሰዎች ላይ ፖስትካርድ ሲበትን ገንዘቡን ይጨርሳል።

ሰዋችን ገመናውን ይጠብቃል፣ ልክ ነው። ደሞዙ፣ ክሬዲቱ፣ የቤተሰቡ ዕዳ ነገ ቡና ላይ እንዲወራ አይፈልግም። እኔም አልፈልግም፣ ጎረቤቴ አሜሪካዊውም አይፈልግም። ግን ታክሱን፣ የደሞዝ ወረቀቱንና የባንክ ስቴትመንቱን የሚመረምረው ሎን ኦፊሰሩ (የአበዳሪው የብድር ሠራተኛ) ነው እንጂ ኤጀንቱ አይደለም። ለእናንተ የፕሪአፕሩቫል ደብዳቤው (አበዳሪው ይህን ያህል አበድረዋለሁ የሚልበት) ይበቃችኋል። በሥራው አጋጣሚ ያወቃችሁትን ምስጢር ደግሞ ክሎዚንግ (ሽያጩ የሚጠናቀቅበት ቀን) ካለፈ በኋላም የመጠበቅ ግዴታ አለባችሁ። ይሄን ገና ቤት ሳታሳዩ ንገሯቸው። ሳይጠይቋችሁ። ብዙ ሰው የሚሸሸው ይሄን የነገረው ስለሌለ ነው።

ሌላው የሚሸሽበት ምክንያት ደግሞ ሀበሻነት ሳይሆን ሥራ አለማወቅ ነው። አንድ ኡበር የሚነዳ ሰው ወደ እኔ ሲመጣ ከመቀመጡ «የሀበሻ ኤጀንት ጊዜዬን በላው» አለኝ። ምን እንደሆነ ስጠይቀው፣ ቅዳሜና እሁድ ቤት ሲያዞሩት ከርመው ነበር። በመጨረሻ ባንኩ እምቢ አለው። ነገሩ ግልጽ ነው፦ በራሱ ለሚሠራ ሰው አበዳሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሁለት ዓመት ታክስ ይጠይቃሉ፣ የሚቆጥሩለትም ወጪው ተቀንሶ የተረፈውን ነው። የዚህ ሰው ወረቀት ላይ የተረፈው ትንሽ ነበር። «ሚስትህስ?» አልኩት። ሆስፒታል ውስጥ በቋሚ ደሞዝ ትሠራለች! ያን ሁሉ ቤት ሲያሳዩት ማንም ይሄን አልጠየቀውም። ሎን ኦፊሰሩ ሁለቱን አንድ ላይ አስገባቸው። 20 በመቶ ዳውን ፔይመንት (ቅድሚያ ክፍያ) ካልያዝኩ አይሆንም ብሎም ነበር፣ ግን የክሬዲት ነጥቡ 580 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው ኤፍኤችኤ (መንግሥት ዋስ የሚሆንለት የቤት ብድር) በ3.5 በመቶ ይቀበላል። ቨርጂኒያ፣ ዉድብሪጅ ታውንሀውስ (ከጎረቤት ጋር ግድግዳ የሚጋራ ቤት) ገዙ። ቀጥሎ ወንድሙን ላከልኝ፣ ወንድሙ ደግሞ የሥራ ጓደኛውን። ሀበሻ ከሀበሻ አይሠራም አላችሁ?

እዚሁ ላይ አንድ ነገር ልጨምር። ደንበኛው ሀበሻ ስለሆነ ብቻ ሀበሻ ወደበዛበት ሰፈር አትምሩት። የ1968ቱ የፌር ሀውሲንግ ሕግ በትውልድ አገር ለይቶ መምራትን ይከለክላል። ሰፈሩን እሱ ይምረጥ፣ እናንተ ቤቱን ፈልጉ።

«በወሩ ብር ታያለህ።»

ይሄኛው ተስፋ ማስቆረጥ አይመስልም፣ ግን ከሁሉም በላይ ሰው ከሥራው የሚያስወጣው እሱ ነው። ብዙ ጊዜ የሚሉትም አዲስ ልጅ ለመመልመል የሚሯሯጡ ሰዎች ናቸው። እስቲ አስቡት። ደንበኛ ማግኘት አለ፣ ቤት መፈለግ አለ። ኦፈሩ (ገዢው ያቀረበው ዋጋ) ተቀባይነት ካገኘ በኋላ እንኳ በሞርጌጅ የሚገዛ ሰው እስከ ክሎዚንግ አብዛኛውን ጊዜ ከ30 እስከ 45 ቀን ይፈጅበታል። ኢንስፔክሽኑ (የቤቱ ፍተሻ) ላይ ከፈረሰ እንደገና ከዜሮ። ኮሚሽኑ የሚገባው ለብሮከሩ ነው፣ እሱ ድርሻውን አንስቶ ቀሪውን ይሰጣችኋል። ከዚያም ላይ ታክስ አልተቆረጠም። በራሱ የሚሠራ ሰው የሚከፍለው 15.3 በመቶ አለ፣ የገቢ ግብሩ ለብቻው ነው። ስለዚህ ቼኩ እንደገባ ሲሶውን ሌላ አካውንት ውስጥ አስቀምጡና እርሱት። በዓመት አራት ጊዜ ለአይአርኤስ (ለፌዴራሉ ግብር ሰብሳቢ) መክፈል እንዳለ አትርሱ እንጂ።

እና ሥራችሁን አትልቀቁ። ላይሰንስ ያለው ሰው ሌላ ሥራ እንዳይሠራ የሚከለክል ሕግ የለም። የሌሊት ሺፍት ያለው ነርስ ቀን ቤት ማሳየት ይችላል። ቢያንስ የስድስት ወር ኪራይ ሳይዝ የገባ ሰው ደንበኛውን ማቻኮል ይጀምራል፣ የተቻኮለ ደንበኛ ደግሞ ይሸሻል። ከዚያ ያው «ሀበሻ አይሠራም» ይባላል።

«ዘመድ ነኝ፣ ኮሚሽኑን ተወው።»

ኮሚሽን ድርድር ነው፣ መቀነስም መተውም ይቻላል። ግን ስንት እንደሆነ አስቀድሞ ይጻፍ። ከኦገስት 17፣ 2024 ጀምሮ፣ የሪልተሮች ብሔራዊ ማኅበር በገባው የፍርድ ቤት ስምምነት የተነሳ፣ ገዢ ቤት ከማየቱ በፊት ከኤጀንቱ ጋር የጽሑፍ ውል ይፈርማል። ክፍያውም እዚያው ላይ ይሰፍራል። አዳዲሶቹ ዘመድ ማስፈረም ያፍራሉ። ምን ያሳፍራል? እኔ «ጋሼ፣ ሳይፈርሙ በር መክፈት አልችልም፣ ደንቡ ነው» ነው የምለው። አልፈርምም ካሉ እሁድ ኦፕን ሀውስ (ቤቱ ለማንም ተመልካች ክፍት የሚሆንበት) ይሂዱ፣ እዚያ ውል የሚጠይቃቸው የለም።