በዊንተር በማዝልሎደር አጋዘን ማደን፡ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ማዝልሎደር የሚሉት ከአፈሙዙ የሚጎርሰውን ጠመንጃ ነው፣ ቀለህ ምናምን የለውም፣ ባሩዱን በአፈሙዙ ታፈሳላችሁ ከዛ እርሳሱን አስገብታችሁ በዘንግ እስከ ታች ትጠቀጥቃላችሁ። ደግሞ እስክታጎርሱ አጋዘኑ የት በደረሰ! አንድ ጥይት ናት ያለቻችሁ ማለት ነው፣ ለዛም ነው ስለሱ የሚወራው የተሳሳተ ወሬ የሚያናድደኝ፣ አንዳንዱ አደን ያበላሻል አንዳንዱ ደሞ ሰው ይጎዳል።

ሁሌ የምሰማው "ብርድ ባሩዱን ይገድለዋል" የሚለውን ነው። ብርድ አይደለም፣ እርጥበት ነው። ጥቁር ባሩድ በተለመደው ቅመማ 75 ከመቶ ፖታሲየም ናይትሬት፣ 15 ከመቶ ከሰል፣ 10 ከመቶ ድኝ ነው፣ ደረቅ እስከሆነ ድረስ ከዜሮ በታችም ይቀጣጠላል። አሜሪካ ፔንስልቬንያ ውስጥ እኮ ከገና በኋላ በሚከፈተው ሲዝን ሰው በረዶ ላይ ቆሞ በባልጩት በሚለኮስ ጠመንጃ ያድናል። ችግሩ የሚመጣው ቀኑን ሙሉ ብርድ ውስጥ የዋለውን ጠመንጃ ማታ ሞቅ ያለ ቤት ይዛችሁት ስትገቡ ነው፣ መነፅር ከውጭ ሲገባ ጉም እንደሚለብሰው ብረቱም ያልበዋል፣ ያ ውሃ እሳቱ የሚያልፍባትን ቀዳዳና ባሩዱን ያረጥብና ጠዋት ምላጩን ስትስቡ ቀጭ ብሎ ዝም፣ ከሸፈ። የኔ ምክር ማታ ማታ አደጋ የሌለበት ቦታ ተኩሶ ባዶ ማድረግ፣ ማፅዳት፣ ጠዋት በደረቅ በርሜል እንደ አዲስ ማጉረስ ነው።

"አፈሙዙ ላይ ፕላስተር ከለጠፋችሁ ይፈነዳል" የሚሉም አሉ። በረዶ እንዳይገባ ቀጭን ፕላስተር ወይም ፊኛ ማድረግ የቆየ ዘዴ ነው፣ እርሳሱ ፊቱ ያለውን አየር እየገፋ ስለሚመጣ ገና ሳይደርስበት አየሩ ይገነጥለዋል። አደገኛው በረዶ ወይም ጭቃ ውስጥ ገብቶ ሲደፍነው ነው፣ እሱን በፍፁም አትተኩሱት።

አሁን ወደ ከባዱ ልምጣ፣ "ባሩድ ባሩድ ነው" የሚለው ነገር። አይደለም! ለዘመናዊ ጥይት የሚሰራው ጭስ አልባ ባሩድ እጅግ የበዛ ግፊት ስላለው ለጥቁር ባሩድ የተሰራን በርሜል ሊበጣጥሰው ይችላል፣ እጅና አይን ያጠፋል፣ በተለይ ለሱ ተብሎ ካልተሰራ ጠመንጃ ውጪ አይሞከርም። እንደ ፒሮዴክስ ያሉት የጥቁር ባሩድ ምትኮችም ቢሆኑ የሚሰፈሩት በመጠን እንጂ በሚዛን አይደለም፣ ከጥቁሩ ቀለል ስለሚሉ በሚዛን እኩል አደርጋለሁ ያለ ሰው ሳያውቀው ከልክ በላይ ያጎርሳል።

"እርሳሱ ትንሽ ከፍ ብሎ ቢቀር ምን ችግር አለው" ለሚሉም ያው ነው መልሴ። በእርሳሱና በባሩዱ መሀል ክፍተት ካለ በርሜሉ ሊያብጥ ወይም ሊፈነዳ ይችላል። በብርድ ደሞ እርሳሱን የምታቅፈው ፕላስቲክ ትደርቃለች፣ በፊት የተተኮሰው ጥላሸትም ካለ መሀል መንገድ ላይ ይነክሳትና ታች የደረሰች ይመስላችኋል። መፍትሄው ቀላል ነው፣ ዘንጉ ላይ ሁለት ምልክት አድርጉ፣ አንዱ በርሜሉ ባዶ ሲሆን አንዱ በትክክል ሲጎርስ የሚደርስበት፣ ሁለቴ ማጉረሳችሁንም በሱ ታውቃላችሁ።

ከከሸፈ ደሞ "ወዲያው ከፍቶ ማየት" የሚባል ነገር የለም፣ አንዳንዴ እሳቱ ዘግይቶ ነው ባሩዱ ጋ የሚደርሰው፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት እንዳዞራችሁ ቢያንስ አንድ ደቂቃ ጠብቁ።

ስለ አጋዘኑም ብዙ ይባላል። "ብርቱካናማ ልብስ ያስደነግጠዋል" ይላሉ፣ አጋዘን ቀዩን ቀለም እንደኛ ለይቶ አያይም፣ ጥሩ አድርጎ የሚያየው ሰማያዊውን ነው፣ ብርቱካናማውን ልበሱት፣ ሌላው አዳኝ ይያችሁ። "ቀንድ የሌለው ሁሉ ሴት ነው" የሚለውም በዊንተር አይሰራም፣ ነጭ ጭራው አጋዘን ብዙ ጊዜ ከታህሳስ መጨረሻ እስከ መጋቢት ባለው ጊዜ ቀንዱን ይጥላል፣ ፈቃዳችሁ ለሴት ብቻ ከሆነ ግንባሩን በደንብ ሳታዩ አትቸኩሉ። "በብርድ ተኝቶ ነው የሚውለው" የሚባለውም ግማሽ እውነት ነው፣ እንቅስቃሴ ይቀንሳል ግን ወንዱ ከመራቢያው ወቅት ከስቶ ስለሚወጣ መብላት አለበት፣ ስለዚህ ወደ ማታ ምግቡ ያለበት ቦታ ጠብቁት።

የመጨረሻው በጣም የሚያሳዝነኝ ነው፣ "ጭሱ ሲጠራ አጋዘኑ ከሌለ ስታችሁታል ማለት ነው" የሚለው። ጭሱ አይናችሁን ሲጋርድባችሁ አጋዘኑ ተመቶም ሮጦ ሊሆን ይችላል፣ ሳንባው የተመታ እንኳን ብዙ ሜትር ይሮጣል። ዝቅ ብላችሁ ከጭሱ ስር እዩ፣ የሮጠበትን አቅጣጫ በጆሮ ተከተሉ፣ የቆመባትን ቦታ በዛፍ ምናምን ያዙ፣ እንደገና አጉርሱ፣ ሲወድቅ ካላያችሁት ግማሽ ሰአት ያህል ቆይታችሁ ሂዱ። በረዶ ላይ ጠብታ ደምም ፀጉርም ቁልጭ ብሎ ይታያል፣ ግን አዲስ በረዶ እየጣለ ከሆነ ዱካውን ይሸፍነዋልና ብዙ አትጠብቁ።