የአውታር መሣሪያ ትምህርት በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት

አማርኛ «ቅኝት» በሚል አንድ ቃል ሁለት ነገር ይጠራል፦ የአውታሩን መቃኘትና ዜማው የሚሄድበትን ስልት። በያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ባለ አውታር መሣሪያ የሚማር ሰው ብዙውን ጊዜ የሚደክመው ከዚህ ቃል ጋር ነው። ጣት በልምምድ ይፈታል፤ ጆሮ ግን ይዘገያል።

የመጀመሪያው ዳይሬክተር አሸናፊ ከበደ የነበሩበት ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእስክንድር ቦጎሲያን የክወናና የዕይታ ጥበባት ኮሌጅ ሥር ነው፤ ከአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን እና ከዮፍታሔ ንጉሤ የቴአትር ጥበባት ትምህርት ቤቶች ጋር። ለመግባት የችሎታ ፈተና አለ። የአውታር ትምህርቱ ሁለት ቤተሰብ አለው፤ ክራር፣ ማሲንቆና በገና በአንድ ወገን፣ ቫዮሊንና ዘመዶቹ በሌላ ወገን።

ዋናዎቹ ቅኝቶች ትዝታ፣ ባቲ፣ አንቺሆዬና አምባሰል ናቸው፤ በግልጽ የሚታዩትም ክራር ላይ ነው። ባለ ስድስት አውታር ክራር በትዝታ ሜጀር ሲቃኝ ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ እና የላይኛውን ዶ ይሰጣል። ሚ እና ላ ግማሽ ድምፅ ዝቅ ሲሉ ትዝታ ማይነር ይሆናል። ባቲ ሜጀር ዶ፣ ሚ፣ ፋ፣ ሶል፣ ሲ ነው። አንቺሆዬ ደግሞ ዶ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሬ፣ ፋ፣ ግማሽ ዝቅ ያለ ሶል፣ ላ። እዚህ ድረስ ሽምደዳ ነው። ችግሩ የሚመጣው ባቲ ማይነር የትዝታ ሜጀርን ድምፆች ከላ ጀምሮ፣ አምባሰልም የትዝታ ማይነርን ከሶል ጀምሮ ስለሚይዝ ነው። ስለዚህ አውታሩን አሳምሮ የቃኘ ተማሪ ቅኝቱን ሊስት ይችላል፤ አምባሰል ጀምሮ ትዝታ ላይ ያርፋል። የሚለያቸው ዜማው የሚመላለስበትና የሚያርፍበት ድምፅ ነው። በስልክ መቃኛ ብቻ መታመንም ያሳስታል፦ መቃኛው ኦክታቩን፣ ማለትም ከዶ እስከ ላይኛው ዶ ያለውን ርቀት፣ እንደ ፒያኖ እኩል 12 ቦታ ከፍሎ ስለሚለካ፣ በተለይ አንቺሆዬ በመርፌው ልክ ይሆንና ለጆሮ ይደርቃል።

ክራር ሲገረፍ ቀኝ እጅ ሁሉንም አውታር ይመታል፤ ዜማውን የሚሠራው የማይፈለጉትን በጣት የሚያፍነው ግራ እጅ ነው። ጀማሪ ጣቱን ዘግይቶ ስለሚያነሳ ድምፆቹ ይደባለቃሉ። ሲደረደር ግን አውታሩ አንድ በአንድ ይነካል፤ ስህተቱም አይደበቅም።

ማሲንቆ አንድ የፈረስ ጭራ አውታር ብቻ ስላለው ቀላል ይመስላል። ነገር ግን ጣት አውታሩን አጣብቆ የሚይዝበት እንጨት የለውም፤ ጭራው ከአንገቱ ርቆ ስለሚሄድ ጣት በስሱ ይነካዋል እንጂ አይጫነውም። ከተጫነው ጭራው ይወጠርና ድምፁ ከቦታው ሽቅብ ይወጣል። የደጋኑ ጭራ በእጣን ይታሻል፤ እጣኑ ካነሰ ጭራ በጭራ ላይ ይንሸራተታል፣ ከበዛ ይፋጫል።

በገና ሌላ ትዕግሥት ይጠይቃል። መጋቤ ስብሐት ዓለሙ አጋ በ1960ዎቹ ያስተማሩት እዚሁ ትምህርት ቤት ነበር። ከአሥሩ የጅማት አውታሮች ሁሉም አይመቱም፤ ጥቂቶቹ የግራ እጅ ጣቶች መትተው የሚያርፉባቸው ናቸው። የበገናን ንዝረት የሚሰጠው አውታሮቹን ደግፎ በሚይዘው ብርኩማና በአውታሩ መካከል የሚገባው ትንሽ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራው፣ ነው። ቦታውን ትንሽ ከሳተ አውታሩ ይደነቁራል፤ አሥሩንም ማስተካከል ለጀማሪ ከመደርደሩ የበለጠ ጊዜ ይወስዳል።

ቫዮሊን ሶል፣ ሬ፣ ላ፣ ሚ ተብሎ ይቃኛል። ቪዮላ ዶ፣ ሶል፣ ሬ፣ ላ ነው፣ ቼሎም ያንኑ አንድ ኦክታቭ ዝቅ አድርጎ። ደብል ባስ ብቻ በአራተኛ ርቀት ሚ፣ ላ፣ ሬ፣ ሶል ይሄዳል። መነሻው ላ በ440 ኸርዝ ነው። የአገር ዜማ ወደ ቫዮሊን ሲመጣ የሚሳተው ቦታ ይታወቃል። ከክፍቱ፣ ማለትም ጣት ካላረፈበት፣ ላ አውታር የሚነሳ ትዝታ ማይነር ላ፣ ሲ፣ ዶ፣ ሚ፣ ፋ ነው፤ በላ አውታር ላይ ሁለተኛው ጣት አንደኛውን ተጠግቶ ይቀመጣል፣ በሚ አውታር ላይ ደግሞ አንደኛው ጣት ወደ መቃኛ ቁልፎቹ በኩል ይሳባል። የሜጀር ስኬል ብቻ የለመደ ጣት አልሳብም ይላል፤ ፋው ግማሽ ድምፅ ከፍ ይልና ትዝታው ትዝታ መሆኑ ይቀራል። መድኃኒቱ ምት ቆጣሪውን ሜትሮኖም በደቂቃ 60 ምት ላይ አድርጎ ሚ እና ፋን ብቻ መመላለስ ነው፤ ከመጫወት በፊት ፋን በድምፅ ማዜም ደግሞ ከሁሉ ያግዛል።

የአዲስ አበባ አየርም የትምህርቱ አካል ነው ቢባል ማጋነን አይደለም። በበጋው ድርቀት እንጨት ስለሚኮማተር የቫዮሊን መቃኛ ቁልፍ ይከዳል፤ ጠመኔ ሲቀባ ይይዛል። በክረምት ደግሞ ያብጥና አልዞር ይላል፤ ያኔ ደረቅ ሳሙና ያላላዋል። በዚሁ እርጥበት የማሲንቆና የክራር ቆዳ ይረግብና ድምፁ ይታፈናል፤ ፀሐይ ሲወጣ ጥቂት ማሞቅ ይበቃል፣ ከበዛ ግን ቆዳው ይቀደዳል። የቫዮሊን ደጋን ከልምምድ በኋላ ካልላላ እንጨቱ ቅርጹን ያጣል።

የቫዮሊን አውታር ሲቀየር አንድ በአንድ ነው። አራቱም በአንዴ ከወረዱ ብርኩማው ይወድቃል፤ በሆዱ ውስጥ ሳትጣበቅ በግፊት ብቻ የቆመችው ቀጭን ዘንግም ልትወድቅ ትችላለች። ዘንጓ ወድቃ እያለ አውታር መወጠር የፊቱን እንጨት ሊሰነጥቅ ስለሚችል መሣሪያው ሳይነካ ለጠጋኝ ይሰጣል፤ እሱም በታጠፈ ብረት በፊቱ እንጨት ላይ ባለው ቀዳዳ አስገብቶ ከብርኩማው ቀጭን አውታር ወገን እግር ትንሽ ወደ ኋላ ያቆማታል።