ቋሚ አበባ ምንድን ነው?

«ቋሚ የተባለው አበባዬ ደረቀ፤ ነቅዬ ጣልኩት።» ይህን በሰማሁ ቁጥር ይቆጨኛል። ብዙ ጊዜ የሚጣለው ተክል አልሞተም።

ስህተቱ የሚመጣው «ቋሚ» ከሚለው ቃል ነው። ሰው ቃሉን ሲሰማ ዓመቱን ሙሉ ቆሞ የሚያብብ ነገር ይታየዋል። በእኛ ሙያ ቋሚ የሚባለው ከሁለት ዓመት በላይ የሚኖር ተክል ነው፤ ስንት ወር እንደሚያብብ ቃሉ አይናገርም። መደብ ዳር የምንተክላቸው አብዛኞቹ፣ እነ ፒዮኒ፣ ፍሎክስ፣ ዴልፊኒየም፣ ከአፈር በላይ ያለው አካላቸው በየዓመቱ ይሞታል። የሚቆመው ከአፈር በታች ያለው ነው። በብርዱ ወራት ከደረቀው የፒዮኒ ግንድ ሥር አፈሩን በጣት ገለጥ ብታደርጉት ቀላ ያሉ፣ ሾል ያሉ ቡቃያዎች ታገኛላችሁ። የመጪው ዓመት አበባ እዚያ ውስጥ ተጠቅልሎ ተቀምጧል።

ሥሩን እንደ ጎተራ አስቡት። ቅጠሉ በሙቀቱ ወራት ያመርታል፣ ጎተራው ይሞላል። ብርዱ ሲመጣ ተክሉ ከዚያ እየቆነጠረ ይከርማል፤ በሚቀጥለው ዓመት ቅጠል ሳያወጣ ብቅ የሚለው ቡቃያም የሚበላው ያንኑ ነው። አበባው አለፈ ተብሎ አረንጓዴውን ቅጠል ማጨድ እንግዲህ እህሉ ሳይገባ አውድማውን ማፍረስ ነው። ለአበባ ማስቀመጫ ስትቆርጡም ይኸው ነው። ፒዮኒን በተተከለ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት አልነካውም፤ ከዚያ በኋላም ከአንድ እግር ከሲሶው በላይ አበባ አልወስድም፣ በምቆርጠው ግንድ ግርጌም ቢያንስ ሁለት ቅጠል እተዋለሁ። እንቡጡን በሁለት ጣት ጫን በሉት፦ እንደ ጠጠር ከጠነከረ አልደረሰም፤ ለስለስ ካለ ቁረጡት።

አንድ ሰው ደግሞ «ብርድ ቻይ ከሆነ ተክሎ መርሳት ነው» ሲል ሰማሁ። በዚህ አልስማማም። ብርድ ቻይ ማለት ብርድን ይችላል ማለት ብቻ ነው፤ ድርቅም ይችላል፣ ጥላም ይችላል፣ ውሃ የተኛበት አፈርም ይችላል ማለት አይደለም። የአሜሪካ ግብርና ሚኒስቴር አገሩን በ13 ቀጠና የሚከፍልበት የብርድ ቻይነት ካርታ የሚመለከተው በየዓመቱ የሚመዘገበውን ዝቅተኛ የሙቀት መጠን አማካይ ነው። ስለ እርጥበት አይነግራችሁም። እኔ ግን በብርዱ ወራት የሞቱብኝን ስቆፍር ብዙውን ጊዜ የማገኘው በውርጭ የተመታ ሳይሆን የበሰበሰ ሥር ነው። ጎተራ ውሃ ከገባው እህሉ ይሻግታል። ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ የሚችል ተክል ውሃ በሚቋጥር አፈር ውስጥ ብርዱ ሳይጠና ሊያልቅ ይችላል።

ቋሚነት በአገሩም ይወሰናል። ዳህሊያ በተፈጥሮው ቋሚ ነው፤ አፈር በውርጭ በሚጠጥርበት አገር ግን ሥሩ ተቆፍሮ ካልተቀመጠ ዕድሜው አንድ ወቅት ነው። ዕድሜም ከተክል ተክል ይለያያል። ፒዮኒ ከ50 ዓመት በላይ ሊኖር ይችላል፤ ሉፒንና ዴልፊኒየም ብዙ ጊዜ ከጥቂት ዓመታት አያልፉም፣ ይህም የአትክልተኛው ጥፋት አይደለም። አስተር ሦስት አራት ዓመት ሲሞላው መሐሉ ይራቆታል፤ ቆፍራችሁ ከዳር ዳር ያለውን ወጣት ቡቃያ ከፍላችሁ ትከሉ፣ መሐሉን ጣሉት። ፒዮኒን ግን እንዲህ በየጊዜው አታንሱት። ስትተክሉትም ቡቃያው ከ5 ሴንቲ ሜትር በላይ አይቀበር፤ በጥልቀት የተቀበረ ፒዮኒ ቅጠል ብቻ እያወጣ ዓመታት ይቆያል።

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲደርቅ ያን ጊዜ ቁረጡት፤ አጠገቡም ለምልክት እንጨት ትከሉ። ባዶ መስሏችሁ በዶማ የምትመቱት ቦታ እሱ ነው።