ሰበብና ምክንያት፦ የብሔራዊ ስፖርት ሽንፈት በደሴና በኮምቦልቻ እንዴት ይወራል

ሰበብ የሚባለው የአገር ሯጭ ወይም ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን ሲሸነፍ በሬዲዮ፣ በቴሌቪዥን፣ ከዚያም በቡናው ዙሪያ የሚደረደረው ማብራሪያ ነው፦ አየሩ፣ ዳኛው፣ ጉዳቱ፣ የቡድን ሥራ መጥፋቱ። ከውድድሩ በፊት ከሚነዛው ወሬ ተነጥሎ አይታይም። ሯጮቹ «አረንጓዴው ጎርፍ» እየተባሉ ወርቁ አስቀድሞ ስለሚቆጠር፣ ሳይገኝ ሲቀር አንድ ዕዳ ከፋይ መፈለጉ አይቀርም። ብዙውን ጊዜ ዕዳው የሚወድቀው በአትሌቱ ላይ ነው፤ ይህም አግባብ አይደለም።

ደሴና ኮምቦልቻ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ይራራቃሉ። ደሴ በጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስትሆን ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ደሴ ላይ ጋቢ ተከናንቦ የተነሣ መንገደኛ የሐረጎን ጠመዝማዛ ጨርሶ ኮምቦልቻ ሲደርስ ማውለቁ አይቀርም። የአየር ነገር ሲነሣ የወሎ ተመልካች ከሌላው የተሻለ ፈራጅ የሚሆነውም በዚህ ነው። ለአምስት ተከታታይ ዓመታት አጭሩንም ረጅሙንም የዓለም አገር አቋራጭ ያሸነፈው ቀነኒሳ በቀለ፣ መጋቢት 1999 ሞምባሳ ላይ በሙቀትና በወበቅ ተሸንፎ ውድድሩን አቋርጧል። ያ ሰበብ አልነበረም፤ ምክንያት ነበር። ያሸነፈው ኤርትራዊው ዘርሰናይ ታደሰ ግን እርሱም የደጋ ልጅ ነው፤ በወቅቱ በነበረው ወሬ ይህ ጎልቶ አልተነገረም።

የሬዲዮው ዘመን የስፖርት ጋዜጠኛው የደምሴ ዳምጤ ድምፅ ዘመን ነው። ከዚያ በፊት ከሆነው አብዝቶ የሚነሣው የሙኒክ ኦሊምፒክ ጉዳይ ነው። በ1964 ምሩጽ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ነሐስ ካገኘ በኋላ ለ5,000 ሜትር ማጣሪያ ሳይደርስ ቀረ። በር ተሳሳተ የሚሉ አሉ፤ አሠልጣኞቹ ናቸው ያዘገዩት የሚሉ አሉ፤ መጸዳጃ ቤት ቆይቶ ነው የሚሉም አሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ መቁረጥ ያስቸግራል። ከስምንት ዓመት በኋላ ሞስኮ ላይ በሁለቱም ርቀት ወርቅ መውሰዱ ግን አያከራክርም።

ሰፊውን ቦታ የሚይዘው 2005 ነው። ዋልያዎቹ፣ ማለትም ብሔራዊው የእግር ኳስ ቡድን፣ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሱ። ጥር ላይ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዋንጫው ባለቤት ከነበረችው ዛምቢያ ጋር ሲጫወቱ ሳላዲን ሰኢድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ያም ሆኖ በአዳነ ግርማ ግብ 1 ለ 1 ተለያዩ። በአሥር ሰው የተገኘው ይህ ነጥብ ወሬውን ከልክ በላይ አናረው። ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ ናይጄሪያ ደግሞ 2 ለ 0 አሸነፉን። «የልምድ ማነስ» የሚለው ሐረግ በየስርጭቱ የተዘወተረው ያኔ ነው፤ ከ31 ዓመት በኋላ ለተመለሰ ቡድን ሐሰት አልነበረም።

ሰኔ 9 ቀን በዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ደቡብ አፍሪካን 2 ለ 1 ስናሸንፍ የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ደሴ ፒያሳ ነበር። የመኪና ጡሩንባና እልልታ ተቀላቅሎ ሰው እርስ በርሱ መደማመጥ አልቻለም። ደስታው ሳይበርድ ምንያህል ተሾመ በሁለት ቢጫ ካርድ መታገድ ሲገባው ከቦትስዋና ጋር መጫወቱ ተሰማ፤ ሦስት ነጥብም ተቀነሰ። ፌዴሬሽኑ ስህተቱን አመነ። በዚህ ታሪክ ውስጥ ሰበብ ያልተደረደረበት ትልቅ ጥፋት ይህ ነው፤ ቡድኑም ምድቡን በአንደኝነት አጠናቀቀ። ጥቅምት 3 ቀን 2006 አዲስ አበባ ላይ ናይጄሪያ 2 ለ 1፣ ኅዳር ላይ ካላባር ውስጥ 2 ለ 0 አሸንፋ የዓለም ዋንጫውን በር ዘጋችው።

ጥር 2014 ላይ ቡድኑ ካሜሩን ውስጥ ከምድቡ ሲሰናበት ሁለቱ ከተሞች ከጦርነቱ ገና መውጣታቸው ነበር፤ ስለ ኳስ ብዙ አልተወራም።

በአትሌቲክስ ክርክሩ የሚጠነክረው ሰዓት ሲጠቀስ ነው። በ2004ቱ የለንደን ኦሊምፒክ እንግሊዛዊው ሞ ፋራህ 10,000 ሜትርን ያሸነፈው በ27:30.42 ነበር፤ የቀነኒሳ የዓለም ክብረ ወሰን ያኔ 26:17.53 ነው። ሯጮቻችን ተጋግዘው ሳያፈጥኑት ሩጫው ዘግይቶ፣ በመጨረሻው ዙር ለሚፈጥን ሯጭ ተተወ ማለት ነው። ስለዚህ «የቡድን ሥራ ጠፋ» የሚሉት ሰዎች የያዙት ነገር አለ። ታሪኩ በቀለ ነሐስ ሲወስድ ቀነኒሳ አራተኛ ወጣ፤ ከረጅም ጉዳት የተመለሰ ሰው መሆኑ እየታወቀ «አበቃለት» መባሉ ግፍ ነው።

በ2016ቱ የፓሪስ ኦሊምፒክ ከማራቶኑ በፊት ወሬው ሁሉ ስለ ቀነኒሳ ነበር፤ ቀነኒሳ 39ኛ ሲወጣ በተጎዳው ሲሳይ ለማ ምትክ የገባው ታምራት ቶላ በ2:06:26 ወርቁን አመጣ። በማግሥቱ ትዕግሥት አሰፋና ለኔዘርላንድስ የምትሮጠው ሲፋን ሐሰን በሴቶቹ ማራቶን መጨረሻ ላይ ተጋፍተው ሲፋን በሦስት ሰከንድ ቀደመች። ኢትዮጵያ ይግባኝ ብትልም ተቀባይነት አላገኘም። እዚህ ያየው ሰው ትዕግሥት ተገፍታለች ብሎ ያምናል፤ ጥፋቱ የሁለቱም ነው የሚሉ አሉ። ቡናው ከአቦል እስከ በረካ ሲቀዳ ክርክሩ ስለ ግፊያው ብቻ ነበር። ትዕግሥት ሁለተኛ ሆና የገባችበት 2:22:58 ግን፣ ቲኪ ገላና ለንደን ላይ ካስመዘገበችው 2:23:07 የኦሊምፒክ ክብረ ወሰን የፈጠነ ነበር።