የማታ መንገድ በረጅም ኤክስፖዠር፦ አዲስ አበባ እና የመኪና መብራት መስመሮቿ

ረጅም ኤክስፖዠር የሚባለው የካሜራው ሹተር ለሰከንዶች፣ አንዳንዴም ለደቂቃዎች ክፍት ሆኖ ብርሃን እንዲጠራቀም የሚደረግበት የፎቶ አነሳስ ነው። ማታ ከተማ ውስጥ ሲሠራ ህንፃው፣ አስፋልቱና የመንገዱ መብራት ጥርት ብለው ይወጣሉ፣ የሚያልፉት መኪኖች ግን አካላቸው ይጠፋና የፊት መብራታቸው ነጭ፣ የኋላቸው ደግሞ ቀይ ረጅም መስመር ሆኖ ይቀራል። ብዙ ሰው እንዲህ ያለ ፎቶ ሲያይ ኮምፒውተር ላይ የተሠራ ነው ይላል፣ ግን አይደለም፣ እያንዳንዱ መስመር በዛች ሰዓት በዛ መንገድ ያለፈ መኪና ነው። እኔ ደሞ የምወደው ለዚህ ነው፣ አንድ ከተማ ማታ ማታ የት እንደሚፈስና የት እንደሚታነቅ እንደዚህ አድርጎ የሚያሳይ ፎቶ የለም፣ አዲስ አበባ በተለይ ባለፉት ጥቂት አመታት መብራቷም መኪናዋም በጣም እየተቀየረ ስለሆነ አሁን በደንብ መነሳት አለባት ብዬ አምናለሁ።

መኪናው ለምን ይጠፋል ለሚለው፣ የመኪና ቆርቆሮ ማታ የሚመልሰው ብርሃን ትንሽ ነው፣ አንድ ቦታ ላይ የሚቆየውም ለሽራፊ ሰከንድ ነው፣ ከኋላው ያለው አስፋልት ግን ለቀሪው 20 ወይ 30 ሰከንድ ሙሉ ብርሃን እየሰጠ ስለሚቆይ መኪናውን ይውጠዋል። መብራቱ ደግሞ ከሁሉም በላይ ደማቅ ስለሆነ በሽራፊ ሰከንድም ቢሆን ያለፈበትን ሁሉ ምልክት እያደረገ ይሄዳል። እየተራመደ ያለ እግረኛ የማይታየው፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ የቆመ ሰው ግን ደብዘዝ ብሎም ቢሆን የሚወጣው በዚሁ ምክንያት ነው።

ነገሩ ከፎቶግራፍ ጋር አብሮ የተወለደ ነው ማለት ይቻላል። ፈረንሳዊው ሉዊ ዳጌር በ1838 እ.ኤ.አ. ፓሪስ ላይ ቡልቫር ዱ ታምፕል የሚባለውን መንገድ ከላይ ከመስኮት ሲያነሳ ሰሌዳው ለደቂቃዎች መጋለጥ ስለነበረበት፣ ሰውና ጋሪ ሲተራመስበት የነበረው መንገድ ባዶ ሆኖ ወጣ። የቀረው ሊስትሮ ጋ እግሩን ሰጥቶ የቆመ አንድ ሰው ነው፣ ስላልተንቀሳቀሰ ብቻ ፎቶ ላይ ከታዩት የመጀመሪያዎቹ ሰዎች አንዱ ሆነ። ያ በቀን ብርሃን የተነሳ ነው፣ ቀን የሚንቀሳቀሰው ይጠፋል፣ ማታ ግን የሚንቀሳቀሰው መብራት ይዞ ስለሚሄድ ራሱን ይስላል፣ ልዩነቱ ይሄው ነው። ከዛ በ1890ዎቹ አጋማሽ ፎቶ አንሺው ፖል ማርቲን ለንደንን በጋዝ መብራት አነሳት፣ በ1930ዎቹ ደግሞ ሌላው ፎቶ አንሺ ብራሳይ የፓሪስን ሌሊት ሲያነሳ ሹተሩ የሚከፈትበትን ጊዜ በሚያጨሰው ሲጋራ ይለካ ነበር፣ ጨለማው በርታ ሲል ረጅም የሚቆየውን ሲጋራ እያበራ። በፊልም ዘመን ሌላም ችግር ነበር፣ ፊልም ጊዜው ሲረዝም ብርሃን የመቀበል አቅሙ እየደከመ ስለሚሄድ ስሌቱ 10 ሰከንድ ካለህ 20 ወይ 30 መስጠት ግድ ይል ነበር። ዲጂታል ካሜራ ከዚህ ገላግሎናል።

መነሻ የሚሆን ቁጥር፦ አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (ብርሃን የሚገባበት የሌንሱ ቀዳዳ፣ ቁጥሩ ሲጨምር ይጠባል) ኤፍ 8 ወይ ኤፍ 11፣ ሹተር ከ10 እስከ 30 ሰከንድ። ከዛ ፎቶውን እያዩ ማስተካከል ነው፣ ኤፍ 8 ላይ በ10 ሰከንድ የወጣው ብርሃን ኤፍ 11 ላይ 20 ሰከንድ ይፈልጋል። ሹተሩን ግን በብርሃኑ ብቻ ሳይሆን በመኪናው ፍጥነትም ማሰብ ያስፈልጋል። በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በ10 ሰከንድ 110 ሜትር አካባቢ ይጓዛል፣ ስለዚህ ፎቶው ውስጥ የሚታየው መንገድ 300 ሜትር ከሆነ መስመሩ ከጫፍ ጫፍ እንዲደርስ ወደ 30 ሰከንድ ይፈልጋል፣ ካነሰ መሀል ላይ ተቆርጦ ይቀራል። ከ30 ሰከንድ በላይ ከተፈለገ ባልብ የሚለው ሞድ (ሹተሩ እስከተፈለገ ድረስ ክፍት የሚቆይበት) ከሪሞት ጋር ነው። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ) ያለ ጥያቄ ግዴታ ነው፣ ሹተሩም በእጅ ከሚጫን በ2 ሰከንድ ታይመር ቢሆን ይሻላል፣ ፎርማቱ ሮው (ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል) ይሁን። በየፖሉ ላይ ኮከብ የሚመስል ጨረር የሚታየው አፐርቸሩ ጠበብ ሲል ነው፣ የጨረሩ ብዛትም ከሌንሱ ብሌድ (አፐርቸሩን ከሚሠሩት ስስ ምላጮች) ነው የሚመጣው፣ 6 ብሌድ ያለው ሌንስ 6 ጨረር ሲሰጥ 7 ያለው ደግሞ 14 ይሰጣል፣ ጎዶሎ ቁጥር ሲሆን እጥፍ ይሆናል።

አሁን ወደ አዲስ አበባ። ለእንደዚህ አይነት ፎቶ ከሁሉም የሚመረጠው ሰዓት ፀሐይ ገብታ ሰማዩ ገና ጥቁር ሳይሆን ጠቆር ያለ ሰማያዊ ሲሆን ነው፣ የህንፃው ጠርዝ ከሰማዩ ተለይቶ የሚታየው ያኔ ነው። እኛ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ይሄ ጊዜ አጭር ነው፣ 20 ደቂቃ ቢሆን ነው፣ ለንደን ሰኔ ላይ ከዚህ እጥፍ በላይ ይቆያል። በሌላ በኩል ሰዓቱ አመቱን ሙሉ ብዙ አይዋዥቅም፣ ፀሐይ የምትገባው ከ12 ሰዓት እስከ 12፡50 ባለው ውስጥ ስለሆነ ለማቀድ ይመቻል። ችግሩ ምንድነው፣ ያ ሰዓት ከሥራ የሚወጣው ሰው ሁሉ መንገድ ላይ ያለበት ሰዓት ነው። መንገዱ ሲዘጋጋ መኪናው አይሄድም፣ መኪናው ካልሄደ መስመር የለም፣ ፎቶው ላይ የሚወጣው የተጠጋጋ ቀይ ብልጭታ ብቻ ነው። መንገዱ ሲለቅ ደሞ ሰማዩ ጠቁሯል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ የሚደረገው ትራይፖዱን ሳይነቀንቁ መጀመሪያ ሰማዩንና ህንፃውን ማንሳት፣ ከዛ እዛው ቆሞ ትራፊኩ እስኪለቅ ጠብቆ መስመሩን ማንሳትና ሁለቱን ኤዲቲንግ ላይ ደማቁ ክፍል ብቻ እንዲቀር አድርጎ መደረብ ነው። ይሄ ማጭበርበር ነው የሚሉ አሉ፣ እኔ አይመስለኝም፣ ቦታው አንድ፣ ማታው አንድ እስከሆነ ድረስ። የሌላ መንገድ መስመር አምጥቶ መለጠፍ ግን ሌላ ነገር ነው።

የትራፊክ መብራት ያለበት መስቀለኛ መንገድ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ሹተሩ ረጅም ከሆነ ቀዩም ቢጫውም አረንጓዴውም በአንድ ፎቶ ላይ አብረው በርተው ይታያሉ፣ ቢጫው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ስለሚበራ ደከም ብሎ ይወጣል። ወደ ኋላ የሚቆጥረው ሰዓት ያለባቸው መብራቶች ላይ ደግሞ ቁጥሮቹ እርስ በርስ ስለሚደራረቡ ሁሉም 8 ይመስላሉ። ግን ቆጣሪው ይጠቅማል፣ ቀዩ 1 ላይ ሲደርስ ሹተሩን ከከፈቱ የመጀመሪያው መኪና ከመነሳቱ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ያልተቆረጠ መስመር ይገኛል፣ አረንጓዴው ሳያልቅ መዝጋት ነው። ሹተሩ ሳይዘጋ እንደገና ቀይ ከበራ ግን የቆሙት መኪኖች በከፊል ይታያሉ፣ እንደ ጥላ፣ አንዳንድ ሰው ይሄንን ይወደዋል እኔ ግን ፎቶውን ያቆሽሽብኛል። ፍሬቻ የሚያበራ መኪና የተቆራረጠ ብርቱካናማ ሰረዝ ይተዋል፣ ምክንያቱም ፍሬቻ በደቂቃ ከ60 እስከ 120 ጊዜ ነው ብልጭ የሚለው። አውቶቡስ ደግሞ የውስጡ መብራት በመስኮት ስለሚወጣ ከሌሎቹ መስመሮች በላይ ሰፊ ደብዛዛ ሪባን ይሠራል፣ ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራው ቀላል ባቡርም ስታዲየም አካባቢ ባለው ከፍ ያለ ሐዲድ ላይ ሲያልፍ እንዲሁ ነው። እኛ በቀኝ ስለምንነዳ ወደኛ የሚመጣው ነጭ በግራ፣ የሚሄደው ቀይ በቀኝ ነው የሚሆነው፣ ለንደን ወይ ናይሮቢ የተነሳ ፎቶ ላይ ተገላቢጦሽ ነው።

አሁን መነሳት አለባት ያልኩት ለዚህ ነው፣ የመስመሮቹ መልክ ራሱ እየተቀየረ ነው። የድሮዎቹ ላዳዎችና ሚኒባሶች አምፖል ሞቅ ያለ ቢጫ ያልተቋረጠ መስመር ነው የሚተወው። አዳዲሶቹ ኤልኢዲ ናቸው፣ ነጫቸው ወደ ሰማያዊ ያደላል፣ አንዳንዶቹ የኋላ መብራቶች ደግሞ ለዓይን በማይታይ ፍጥነት ብልጭ ድርግም ስለሚሉ መስመሩ ተጠግተው የተደረደሩ ነጠብጣቦች ሆኖ ይወጣል። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከታገደ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናው በዝቷል፣ ከነሱ ብዙዎቹ ከኋላ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ አንድ ቀይ መብራት ስላላቸው ሁለት ቀጭን መስመር በመተው ፈንታ አንድ ሰፊ ቀይ ምንጣፍ ይዘረጋሉ። በኮሪደር ልማቱ ፒያሳ፣ አራት ኪሎ፣ ቦሌና ሌሎቹም መንገዶች አዲስ መብራት ስለተተከለባቸውና ህንፃዎቹም ፊታቸው ላይ መብራት ስለተደረገላቸው በፊት 30 ሰከንድ ይፈልግ የነበረ ቦታ አሁን ፎቶው ላይ ቶሎ ይቃጠላል (ብርሃኑ በዝቶ ነጭ ይሆናል)፣ ስለዚህ አፐርቸሩን ማጥበብ ወይ ኤንዲ ፊልተር (ብርሃን የሚቀንስ ጠቆር ያለ መስታወት) ሌንሱ ላይ መግጠም ያስፈልጋል።

ቦታን በተመለከተ መስቀል አደባባይ ደረጃው ላይ ከፍ ብሎ ሰፊውን መንገድ ማየት ስለሚቻል የብዙ ሰው መጀመሪያ ነው። ጎተራ ማሳለጫ ከላይ ካገኙት መስመሮቹ ይጠማዘዛሉ፣ ቀጥ ካለ መንገድ ይልቅ ጥምዝ ሁልጊዜ ያምራል። 209 ሜትር የሆነውን የንግድ ባንክ ህንፃ ከኋላ አድርጎ የሜክሲኮን አካባቢ ማንሳትም አለ። የእግረኛ ድልድይ ላይ ሲሆን ሰው በተራመደ ቁጥር ድልድዩ ስለሚንቀጠቀጥ ሰው የማያልፍበትን ክፍተት ጠብቆ ሹተሩን መክፈት ነው። ትራይፖድ የዘረጋ ሰው ጥበቃም ፖሊስም መጠየቁ አይቀርም፣ መታወቂያ መያዝና ያነሱትን በትህትና ማሳየት ብዙ ነገር ያቀላል፣ ቤተ መንግሥትና ወታደራዊ ካምፕ አካባቢ ግን ካሜራ ማውጣት አይሞከርም። ብቻን መሆንም ጥሩ አይደለም፣ ማታ ነው፣ ዕቃው ውድ ነው፣ አንዱ ሲያነሳ አንዱ ዙሪያውን ቢያይ ይመረጣል።

ክረምት ላይ ብዙዎች ካሜራቸውን ያስቀምጣሉ፣ እኔ ግን ከሁሉ የምመርጠው ሐምሌና ነሐሴን ነው። ዝናቡ አባርቶ አስፋልቱ ገና እርጥብ ሳለ እያንዳንዱ መስመር ከሥሩ ሌላ መስመር አለው፣ ደመናውም የከተማውን ብርሃን ስለሚመልስ ሰማዩ ባዶ ጥቁር አይሆንም። ጃንጥላና ሌንሱን መጥረጊያ ጨርቅ ብቻ መያዝ ነው።

ካሜራ የሌለው ሰውም አይቀርበትም። ሁዋዌ በ2015 እ.ኤ.አ. ፒ 8 ላይ የመኪና መስመር ለማንሳት ብቻ የሚሆን ሞድ አስገብቶ ነበር፣ አይፎን ከ2017 ጀምሮ ላይቭ ፎቶን (ከአጭር እንቅስቃሴ ጋር የሚቀረፅ ፎቶ) ወደ ረጅም ኤክስፖዠር ይቀይራል፣ የጉግል ስልክ በሆነው ፒክስል 6 ላይም በ2021 ተመሳሳይ ነገር መጣ። ሳምሰንግ ከፍ ያሉት ሞዴሎቹ ላይ ፕሮ ሞድ ገብቶ ሹተሩን እስከ 30 ሰከንድ ማድረስ ይቻላል። ብዙዎቹ ስልኮች አፐርቸራቸው ስለማይጠብ ግን 30 ሰከንድ ደማቅ መንገድ ላይ ሁሉን ያነጣዋል፣ አይኤስኦውን መጨረሻ ድረስ ዝቅ አድርጎ በ4 ወይ በ8 ሰከንድ ደጋግሞ ማንሳትና በኋላ መደረብ የተሻለ ውጤት ይሰጣል፣ ስልኩ ብቻ ከግንብ ወይ ከትንሽ ስታንድ ላይ ሳይነቃነቅ ይቀመጥ።