ውሃ የሚያፈስ የልብስ ማጠቢያ ማሽን፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«ውሃው ከፊት ስለታየ የተበላሸው በሩ ነው»

ውሃ የሚሄደው ወለሉ ወዳዘነበለበት ነው። ከኋላ ያለ ቱቦ ያንጠባጠበው ከማሽኑ ስር አልፎ ከፊት ብቅ ይላል። ስለዚህ ከቦታው ይልቅ ሰዓቱን ይከታተሉ። ውሃ ሲሞላ የሚያፈስ ከሆነ የማስገቢያ ቱቦውን፣ ቫልቩን ወይም የሳሙና መሳቢያውን ይጠርጥሩ። ሲያጥብ ከሆነ የበሩን ጎማና ከከበሮው ስር ያሉትን ቱቦዎች፣ ውሃ ሲያስወጣ ከሆነ ፓምፑን፣ ማጣሪያውንና የማስወጫ ቱቦውን ይመልከቱ። ጠፍቶም የሚንጠባጠብ ከሆነ ግፊቱ ያለው በማስገቢያው በኩል ስለሆነ ከዚያ ይጀምሩ። ከስሩ ደረቅ ጋዜጣ አንጥፎ ያለ ልብስ አንድ ዙር ማሠራት የመጀመሪያዋን ጠብታ ያሳያል።

«ቴፍሎን ከጠቀለሉበት ያቆማል»

በማስገቢያ ቱቦው ጫፍ ውሃውን የሚይዘው ጥርሱ አይደለም፤ ውስጡ የተቀመጠው ጠፍጣፋ የጎማ ቀለበት ነው። ቴፍሎን፣ ማለትም በቧንቧ ጥርስ ላይ የሚጠቀለለው ነጭ ቴፕ፣ እዚያ የሚሠራው ነገር የለም። ቀለበቱ ከደረቀ ወይም ከተሰነጠቀ ይቀየር። በእጅ እስኪይዝ ያጥብቁ፣ ከዚያ በፒንሳ ሩብ ዙር ይጨምሩ፣ ይበቃል። ከዚያ በላይ የሚያጠብቅ ሰው ጎማውን ይጨፈልቃል፣ አንዳንዴም የቫልቩን የፕላስቲክ ጥርስ ይሰነጥቃል፤ ያኔ የአንድ ቀለበት ሥራ ቫልቭ መግዛት ይሆናል።

«የተቀደደ የበር ጎማ በሲሊኮን ይጠገናል»

ከበሮው በተሽከረከረ ቁጥር ጎማው ይለጠጣል፣ ይታጠፋል። ሳሙና የጠጣ ጎማ ላይ የተቀባ ሲሊኮን ደግሞ ብዙም ሳይቆይ ይላጣል። ግን ለመቀየር አይቸኩሉ፦ በጎማውና በመስታወቱ መካከል የተጣበቀ ፀጉር ወይም ክር ብቻውን ያፈሳል። ሁለቱንም በእርጥብ ጨርቅ ጠርገው ይሞክሩ። በጎማው እጥፋት ታችኛው ክፍል የሚታዩ ትንንሽ ቀዳዳዎችም ቅዳጅ አይደሉም፤ ውሃ ወደ ከበሮው የሚመለስባቸው ስለሆኑ አይድፈኗቸው።

በእርግጥ ከተቀደደ ሶኬቱን ነቅለው ቧንቧውን ይዝጉ። ከፊት ያለውን የሽቦ ቀለበት በካቻቢቴ ከሞላው (ከስፕሪንጉ) በኩል ያንሱ፣ ጎማውን ከማሽኑ ፊት ያላቅቁ፣ ከዚያ ውስጥ ያለውን ማሰሪያ ፈተው ያውጡት። ማሰሪያው ላይ ለመድረስ አንዳንድ ማሽኖች የፊት ሽፋናቸው መነሳት አለበት። አዲሱን ሲያስገቡ ከውስጥ ጠርዝ ይጀምሩ፤ የሳሙና ውሃ ቢቀቡት በቀላሉ ይገባል። ላዩ ላይ ያለው ምልክት ከገንዳው (ከበሮውን ከውጭ ከያዘው የማይዞር ዕቃ) ምልክት ጋር፣ ቀዳዳዎቹም ወደ ታች መሆን አለባቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው፤ ጎማው ዞሮ ከገባ ውሃው እጥፋቱ ውስጥ ይቀራል።

«ሳሙና በበዛ ቁጥር ልብሱ ይጸዳል»

አረፋ በዛ ማለት በመሳቢያውና በበሩ በኩል መውጣት ማለት ነው። በተለይ ለእጅ እጥበት የተሠራ ዱቄት ሳሙና ከፊት በሚከፈት ማሽን ውስጥ አረፋው መጠን የለውም። ያለ ሳሙናና ያለ ልብስ አንድ ዙር አሠርተው መስታወቱ ላይ አረፋ ካዩ፣ ጥፋቱ የማሽኑ አይደለም።

«ማጣሪያውን ካጸዳሁ በኋላ ካፈሰሰ ፓምፑ ሞቷል»

ብዙ ጊዜ የማጣሪያው ክዳን ጠማማ ገብቶ ወይም ጎማው ላይ ክር ቀርቶ ነው። ጎማውንም መቀመጫውንም ጠርገው እንደገና ያጥብቁ። ከመክፈትዎ በፊት ዝርግ ዕቃ ከስሩ ያድርጉ፤ የሚወጣው ውሃ ከሚገምቱት ይበዛል።

«ሲጨምቅ የሚጮኸው ሚዛን ስለሳተ ነው፣ ጠብታውም የሌላ ጉዳይ ነው»

ጩኸቱና ጠብታው አብረው ከመጡ የኋላ ሽፋኑን ከፍተው ከፑሌጃው (ከበሮውን ከሚያዞረው ከኋላ ካለው ትልቅ ጎማ መሰል ክብ) ዙሪያ ይመልከቱ። ከመሃል ወደ ታች የወረደ የዝገት መስመር ካለ፣ በከበሮው ዘንግ በኩል ውሃ እንዳያልፍ የሚከለክለው ጎማ ተበልቶ ውሃ ኩሽኔታው (ዘንጉ የሚሽከረከርበት ክፍል) ውስጥ ገብቷል። ለመቀየር ገንዳው ሙሉ በሙሉ መውጣት አለበት። አንዳንዶቹ ገንዳዎች ተበይደው የተዘጉ ስለሆኑ ብሎን የላቸውም፤ እንዲህ ያለውን ቤት ውስጥ መጀመር አይመከርም። እስኪሠራ ግን ማሽኑ መቆም አለበት፦ ኩሽኔታው ሲበላ ዘንጉንም ይዞ ይሄዳል።