«ስም አልጠራሁም እኮ!»፦ ስለ ነርስና ስለ ታካሚ ምስጢር የምንሳሳተው

ጎንደር ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ስታሠለጥን የኖረች ከተማ ናት። ስለዚህ በየሰፈሩ አንድ ነርስ አይጠፋም። ሰው ሆስፒታል ሲገባ መጀመሪያ የሚደወለውም ለእሷ ነው፤ «እስኪ ካርዷን አይተሽ ንገሪን» ለማለት። እኔም ነርስ ነኝ። ከታች በጥቅስ ካሉት የተሳሳቱ አባባሎች አንዳንዶቹን ራሴ አምኜባቸው ነበር።

«ስም ካልጠራሁ ምስጢር አላወጣሁም»

ተማሪ ሳለሁ ቡና ላይ ወሬ ጀመርኩ። «ዛሬ አንዲት ከአዘዞ የመጣች አስተማሪ፣ ነፍሰ ጡር...» ከማለቴ፣ አቦሉ እንኳ ሳይጠጣ አንዷ ጎረቤት «ውይ፣ የእገሌ ሚስት!» አለች። ስም አልጠራሁም። ግን ሰፈሯን፣ ሥራዋንና እርግዝናዋን ከተናገርኩ ምን ቀረኝ? ፊቱ ተሸፍኖ በቴሌግራም የሚላክ የታካሚ ፎቶም ያው ነው። ንቅሳቷን የሚያውቅ ያውቃታል።

«ቤተሰብ የማወቅ መብት አለው»

ከሁሉ የሚያስቸግረኝ ይሄ ነው፤ ምክንያቱም ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም። አጥሚት ይዞ፣ ከገጠር ድረስ መጥቶ፣ «እታለም፣ ምን አገኙባት?» ሲል ዝም ማለት ይከብዳል። ግን ውጤቱ የታካሚዋ ነው። አዋቂ ከሆነችና ራሷን ካወቀች፣ ለማን እንደሚነገር የምትወስነው እሷ ናት። የሚጠይቀው ባሏ ቢሆንም እንኳ። እኔ አሁን የምለው «እሷን እንጠይቃት፤ ከፈቀደች አብረን እናወራለን» ነው። አንዳንዱ «እኛ እኮ አስታማሚዎቿ ነን!» ብሎ ይቆጣል። ልክ ነው፤ ለአስታማሚ የሚያስፈልገው ይነገረዋል፦ ምን ትብላ፣ መድኃኒቱን በስንት ሰዓት ትውሰድ። አጥሚት ለማቅረብ ግን የኤችአይቪ ምርመራዋን ውጤት ማወቅ አያስፈልግም።

«ምስጢር ማውጣት ነውር እንጂ ወንጀል አይደለም»

ወንጀልም ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 399 በሙያ ሥራ የታወቀን ምስጢር ያለ ፈቃድ ማውጣትን ይቀጣል። ነርሶችንም ይመለከታል።

«ምስጢር ከሆነ ለማንም አይነገርም»

ይነገራል እንጂ። የሚያክማት ሐኪምና ተራውን የምትረከበው ነርስ ካላወቁ እንዴት ይረዷታል? ፍርድ ቤት ሲያዝም ይነገራል። ኮሌራ ወይም ኩፍኝ ከተጠረጠረ ደግሞ ለሚመለከተው የጤና ክፍል ወዲያው ሪፖርት ይደረጋል። የቡና ጎረቤት እዚህ ውስጥ የለችም።

«ዶክተሩ ነው ያዘዘው፤ እኔን ምን አገባኝ?»

መርፌውን የያዝሽው አንቺ ነሽ። ፖታሲየም ክሎራይድ የሚባለው መድኃኒት ሳይበረዝ ባንዴ በደም ሥር ከተሰጠ ልብ ሊያቆም ይችላል። ትእዛዙ ካልገባሽ ወይም ካላማረሽ፣ ከመስጠትሽ በፊት መጠየቅ ሥራሽ ነው። ሐኪሙ ይቆጣ ይሆናል። ራውንድ ላይ፣ ሐኪሞች ታካሚዎችን እየዞሩ ሲያዩ፣ ቁጣ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

«የተሳሳትኩትን አጥፍቼ ብጽፈው ማን ያውቃል?»

ካርድ ላይ ነጭ ማጥፊያ ቀለም አይቀባም። ስህተቱ ላይ አንድ መስመር ይሰመራል፤ የተሰመረበትም መነበብ አለበት። ትክክለኛው ከጎኑ ከቀን፣ ከሰዓትና ከፊርማ ጋር ይጻፋል። ስህተቱ የጽሑፍ ሳይሆን የመድኃኒት ከሆነስ? መጀመሪያ ታካሚዋን ማየት፣ ወዲያው ሐኪሙንና የተራ ኃላፊዋን መጥራት። ካርዱ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።